አስቸጋሪ ቦታ ላይ የበቀለን የጨጓራ ዕጢ በኢንዶስኮፒና በላፓራስኮፒ ጥምረት ማውጣት፦ ዝርዝር መመሪያ

ለ3 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ሲባል የጨጓራን ግማሽ መቁረጥ ከባድ ዋጋ ነው። ታካሚው ከዕጢው ይገላገላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት በልቶ ቶሎ የሚጠግብ፣ ከምግብ በኋላ ልቡ የሚመታና የሚያዞረው፣ አሲድ ወይም ሐሞት ወደ ላይ እየተመለሰ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ሊሆን ይችላል። ዕጢው በጨጓራ የፊት ግድግዳ ወይም በትልቁ ጥምዝ ላይ ከሆነ ይህ ጥያቄ አይነሳም። ቀዶ ሐኪሙ በላፓራስኮፒ (በሆድ ላይ በሚደረጉ ትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራና በረጃጅም መሣሪያዎች) ገብቶ ዕጢውን ከነዙሪያው ከፍ ያደርግና ከሥሩ በስቴፕለር (በአንድ ጊዜ ቆርጦ በሚዘጋ መሣሪያ) ቆርጦ ያወጣዋል። ጭንቀቱ የሚመጣው ዕጢው ከምግብ ቧንቧና ከጨጓራ መገናኛ አጠገብ፣ ከጨጓራ መውጫ በር አጠገብ፣ በትንሹ ጥምዝ ወይም በኋላ ግድግዳ ላይ ሲገኝ ነው። በተለይ ወደ ጨጓራው ውስጥ ያደገ ከሆነ ከውጭ የሚያየው ሐኪም ጠርዙ የት እንደሚያልቅ በዓይኑ ማረጋገጥ አይችልም። ስለማያይም ለጥንቃቄ ብሎ ሰፋ አድርጎ ይቆርጣል። በሰፊው የጨጓራ አካል ላይ ያ ትርፍ አይጎዳም፤ በመግቢያውና በመውጫው ግን እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የጤና ጉዳይ ነው።

ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለውን ቱቦ በአፍ ወደ ጨጓራ አስገብቶ መሥራት፣ ብቻውንም አይበቃም። ከውስጥ የሚሠራው ሐኪም ጠርዙን አጥርቶ ያያል፣ በሚሊ ሜትር ደረጃ መቁረጥም ይችላል። ነገር ግን ዕጢው ከጡንቻ ሽፋን የበቀለ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሲያወጣው ጨጓራው ይበሳል። ሰፊ ቀዳዳን ከውስጥ አስተማማኝ አድርጎ መዝጋት ደግሞ እስከ ዛሬ ከባድ ነው። ስለዚህ መፍትሔው መስመሩን ከውስጥ ማስመር፣ ቀዳዳውን ከውጭ መስፋት ነው። ይህን ሐሳብ በሥርዓት ያቀረቡት በቶኪዮ የካንሰር ኢንስቲትዩት ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ናኦኪ ሂኪና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸው የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ነው። ዘዴው በባለሙያዎች ዘንድ ሌክስ (LECS፣ የላፓራስኮፒና የኢንዶስኮፒ የትብብር ቀዶ ሕክምና) ተብሎ ይጠራል፤ ከዚያ ወዲህ በርካታ ልጆችን ወልዷል።

መመሪያው የተጻፈው ለቀዶ ሐኪሞች፣ ለኢንዶስኮፒ ሐኪሞች፣ ለሰመመን ባለሙያዎችና ለቀዶ ክፍል ነርሶች ነው። የሚመለከታቸው ታካሚዎችና ቤተሰቦችም ቢያነቡት ሐኪማቸውን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያገኙበታል። ቡድኑ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ክህሎቶች ሊኖሩት ይገባል፦ የውስጡን ሽፋን በኢንዶስኮፒ ከሥሩ የመፈልቀቅ ልምድ ያለው ሰው፣ እንዲሁም በላፓራስኮፒ በእጁ የሚሰፋ ሰው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ታካሚውን ሁለቱም ወዳሉበት መላክ ይሻላል።

ታካሚውን መምረጥ

በዚህ ዘዴ በብዛት የሚወጣው ጂስት (GIST) የሚባለው፣ ከጨጓራና ከአንጀት ግድግዳ የሚበቅል ዕጢ ነው። የሚነሳው የጨጓራና የአንጀት እንቅስቃሴን ከሚያስተባብሩት የካሃል ሴሎች ወይም ከነሱ ቀዳሚ ሴሎች ነው። ከጂስቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጨጓራ ላይ ይበቅላሉ። ሁለት ጠባዮቹ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚቻል አድርገውታል። አንደኛ፣ ወደ ሊምፍ ኖድ የሚዛመተው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ ሊምፍ ኖዶችን ጠርጎ ማውጣት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ወደ አካባቢው ሥር ሰዶ ከመግባት ይልቅ እየገፋ ስለሚያድግ፣ ጠርዙ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ብዙ ጤነኛ ግድግዳ አብሮ መውጣት የለበትም። ሆኖም ሽፋኑ ስስ ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ከተቀደደና ሴሎቹ ሆድ ዕቃ ውስጥ ከፈሰሱ ዕጢው የመመለስ ዕድሉ በእጅጉ ይጨምራል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ብዙዎቹ ጥንቃቄዎች መነሻቸው ይህ ነው።

የለስላሳ ጡንቻ ዕጢ የሆነው ሊዮማዮማ ደግሞ በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ አካባቢ በብዛት ይታያል፤ ካንሰር አይደለም። ከነርቭ ሽፋን የሚነሳው ሽዋኖማና ከቦታው ውጭ የበቀለ የቆሽት ሥጋም በምርመራ ላይ ጂስትን ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው ለስም አይደለም። ሊዮማዮማ ከሆነ ዕጢውን ከጡንቻው ውስጥ ፈልቅቆ ማውጣት ይበቃል፤ ጂስት ከሆነ ግን መፈልቀቅ ክልክል ነው፣ ከዙሪያው ጤነኛ ግድግዳ ጋር በሙሉ ውፍረቱ መውጣት አለበት። መገናኛው ላይ ይህ ልዩነት ታካሚው የመገናኛውን ቀለበት ይዞ በመቅረቱና በማጣቱ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

በተለመደው ኢንዶስኮፒ የሚወሰድ ባዮፕሲ ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለውን ጤነኛ ሽፋን ብቻ ቆንጥጦ ይመለሳል። ስለዚህ በኢንዶስኮፒ የሚገባ አልትራሳውንድ አሠሩ። የጨጓራ ግድግዳ በዚህ ምርመራ አምስት ሽፋን ሆኖ ይታያል፤ ጂስትና ሊዮማዮማ በአብዛኛው ከአራተኛው፣ ማለትም ከዋናው ጡንቻ፣ ጠቆር ብለው ይነሳሉ። በዚያው መሣሪያ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ሲዲ117 እና ዶግ1 በሚባሉት ማቅለሚያዎች ከታየ አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳል። ሲቲ ስካን ደግሞ ጉበትን፣ የሆድ ዕቃ ሽፋንን፣ ዕጢው ወደ ውጭ ምን ያህል እንዳደገ ያሳያል።

ስለ መጠን የሚከተለው ይሠራል። ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነና በአልትራሳውንድ አስጊ ምልክት የሌለው ዕጢ ብዙ ጊዜ በክትትል ሊቆይ ይችላል። ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ለዚህ ዘዴ የተመቸ መጠን ነው። ከዚያ በላይ የሆነና በመገናኛው ላይ የተቀመጠ ጂስት ሲያጋጥም ወደ ቀዶ ክፍል አትቸኩሉ። ኢማቲኒብ የሚባለው መድኃኒት በቀን 400 ሚሊ ግራም ለወራት ተሰጥቶ ዕጢው ከቀነሰ፣ ጨጓራውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት የሚጠይቅ የነበረ ቀዶ ሕክምና በዚህ ዘዴ ሊጠናቀቅ ይችላል። ከመድኃኒቱ በፊት የዘረመል ምርመራ ይቅደም፤ ዲ842ቪ የተባለው ለውጥ ያለበት ጂስት ለኢማቲኒብ አይበገርምና፣ ውድ ወራት በከንቱ ያልፋሉ።

የጨጓራ ካንሰር ሌላ ጉዳይ ነው። በሊምፍ ስለሚዛመት፣ የመዛመት ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ካንሰር በቀር በዚህ መንገድ አይነካም።

ቦታውን ማንበብ

ቦታው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ አሳልፉ፤ የቀዶ ሕክምናው ግማሽ እዚህ ያልቃል።

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ ላለ ዕጢ ሁለት ነገር ለኩ፦ የዕጢው የላይኛው ጠርዝ የሁለቱ ሽፋኖች ቀለም ከሚለያይበት መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እና ዕጢው ከቀለበቱ ዙሪያ ምን ያህሉን እንደያዘ። ኢንዶስኮፑን ወደ ላይ አጥፋችሁ ከታች ወደ ላይ እዩት፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም። ከዙሪያው ሲሶ አካባቢ ድረስ የሚወጣ ከሆነ በእጅ ስፌት መጠገን ይቻላል። ወደ ግማሽ ሲጠጋ ስፌቱ ቀለበቱን ያጠብበዋል ወይም ያላላዋል። የላይኛውን የጨጓራ ክፍል ማውጣት ከጠበበ ቀለበት የሚሻልበት ጊዜ አለና ለታካሚው አስቀድማችሁ ንገሩት። በግራ በኩል፣ የምግብ ቧንቧው ከፈንደስ (ከጨጓራው የላይኛው ጉልላት) ጋር ማዕዘን በሚሠራበት ቦታ ያለ ዕጢ ቀለል ይላል፤ በትንሹ ጥምዝ በኩል ያለው ይከብዳል።

በመውጫ በር አጠገብ ላለ ዕጢ ጥያቄው ከተሰፋ በኋላ ምን ያህል ቀዳዳ ይቀራል ነው። ዕጢው የበሩን ቀለበት ራሱን ከያዘ ታችኛውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ እዚያ ላይ በጥምረቱ መሟገት አያስፈልግም። በትንሹ ጥምዝ ላይ የሚያሰጋው ቬገስ ነርቭ ነው፤ ወደ መውጫው የሚወርዱት ቅርንጫፎቹ ከተቆረጡ ጨጓራው ምግቡን ወደ ታች አይገፋም። የኋላ ግድግዳ ላይ ላለው ደግሞ ሞራውን ከፍቶ ከጨጓራው ጀርባ መግባት ይጠይቃል።

የትኛው ዓይነት?

ምርጫውን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከዕጢው በላይ ያለው የውስጥ ሽፋን ደኅና ነው ወይስ ቆስሏል? ደኅና ከሆነ ጨጓራውን ከፍቶ መሥራት ይቻላል፤ መሠረታዊው ሌክስም የሚሠራው እንዲህ ነው። ከቆሰለ ወይም ከተሰረጎደ የዕጢው ሴሎች ከጨጓራ ፈሳሽ ጋር ወደ ሆድ ዕቃ ሊፈሱ ስለሚችሉ፣ ጨጓራው ሳይከፈት የሚሠሩትን ዘዴዎች ተጠቀሙ።

ከነዚህ አንዱ ክሊን ኔት የሚባለው ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከውጭ ሴሮሳን (የጨጓራውን የውጭ ስስ ሽፋን) እና የጡንቻን ሽፋን ብቻ ዙሪያውን ይቆርጣል፤ ሳይነካ የቀረው የውስጥ ሽፋን እየተለጠጠ ዕጢውን አቅፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከሥሩ በስቴፕለር ይቆረጣል። ፈሳሹ ከውስጥ አይወጣም። ድክመቱ ከሚፈለገው በላይ የውስጥ ሽፋን አብሮ መሄዱ ነው፤ በመግቢያና በመውጫ አጠገብ ያ ትርፍ ያጠብባል።

ሌላው ኒውስ ይባላል፤ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። ከውጭ ጡንቻው ዙሪያውን ተቆርጦ ዕጢው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ከጀርባው የሕክምና ስፖንጅ ይደረግና ጡንቻው ከላዩ ይሰፋል። ከዚያ የኢንዶስኮፒ ሐኪሙ ከውስጥ ሽፋኑን ቆርጦ ዕጢውንም ስፖንጁንም በአፍ ያወጣል። ስፖንጁ የሚገባው የውስጡ ቢላ የውጪውን ስፌት እንዳይበጥስ ነው። ጤነኛ ግድግዳን በመቆጠብ ከሁሉም ይበልጣል፤ በአፍ ስለሚወጣ ግን ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም ለማይበልጥ ዕጢ ብቻ ይሆናል፤ ጊዜም ይፈጃል።

ለጀማሪ ቡድን ምክሬ ግልጽ ነው፦ ሽፋኑ ደኅና በሆነ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ፣ ከመገናኛው ትንሽ ራቅ ባለ ዕጢ በመሠረታዊው ሌክስ ጀምሩ። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተልም የዚያው ነው።

ክፍሉንና ሰዎቹን ማዘጋጀት

ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ከልብ ሐኪሙ ጋር ተመክሮባቸው ይቁሙ ወይም ይቀየሩ። ጠጣር ምግብ ቢያንስ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ፈሳሽ ከ2 ሰዓት በፊት ይቁም፤ የጨጓራ መውጫ የጠበበበት ታካሚ ግን ከዚህም ረዘም ላለ ጊዜ ፈሳሽ ብቻ እየወሰደ ይቆይ። አንቲባዮቲክ ከመጀመሪያው ቁርጠት በፊት ይሰጥ።

ታካሚው በሙሉ ሰመመን፣ በአየር ቧንቧ ውስጥ ቱቦ ገብቶለት፣ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ተከፍተው ይዘጋጅ፤ አልጋው በራስ በኩል ከፍ ይበል። የኢንዶስኮፒ ሐኪሞች ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ መሥራት ስለለመዱ የጀርባ አቀማመጥ ምስሉን እንግዳ ያደርግባቸዋል፤ ውሃና ደም የሚጠራቀምበት ቦታም ይቀየራል። ቀደም ብሎ በዚህ አቀማመጥ አንድ ተራ ምርመራ መለማመድ ብዙ ይረዳል። ሐኪሙ በራስጌ በግራ በኩል ይቁም፤ ከሰመመን ባለሙያው ጋርም ስለ ቦታው ይስማሙ።

ሁለቱም ምስሎች ጎን ለጎን ለሁሉም ይታዩ። ስለ አቅጣጫ ሲነጋገሩ ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፣ ታች የሚሉ ቃላት ይከልከሉ፤ የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ ነው። የፊት ግድግዳ፣ የኋላ ግድግዳ፣ ትንሹ ጥምዝ፣ ትልቁ ጥምዝ፣ ወደ ምግብ ቧንቧ፣ ወደ መውጫ በሉ። ይህን ቀላል ስምምነት ያልተስማሙ ሁለት ጎበዝ ሐኪሞች በተሳሳተ ጎን ሊቆርጡ ይችላሉ።

በኢንዶስኮፑ የሚነፋው ተራ አየር ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁን፤ ቶሎ ስለሚመጠጥ አንጀቱ ተነፍቶ እይታን አይጋርድም። ይህም ሆኖ ላፓራስኮፒው እንደገባ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ በለስላሳ መቆንጠጫ ይያዝ። መቆንጠጫው መጨረሻ ላይ መፈታቱን የሚያስታውስ አንድ ነርስ ይመደብ።

ደረጃ 1፦ መግባትና መቃኘት

በእምብርት በኩል 12 ሚሊ ሜትር ትሮካር (የመሣሪያ ማስገቢያ ቱቦ) ለካሜራ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ሌሎች አራት ትሮካሮች ይግቡ። የሆድ ግፊት ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይበቃል። ጉበትን፣ የሆድ ዕቃ ሽፋንንና ሞራውን ቃኙ፤ ያልተጠበቀ ሥርጭት ካለ ዕቅዱ ይቆማል። ዕጢው ከውጭ ከታየ በመቆንጠጫ አትያዙት፤ ሁልጊዜ ከጎኑ ያለውን ጤነኛ ግድግዳ ያዙ።

ደረጃ 2፦ ዕጢውን ከሁለት ወገን ማግኘት

ኢንዶስኮፑ ገብቶ ዕጢውን ያግኝ። የላፓራስኮፒው መብራት ሲደበዝዝ የኢንዶስኮፑ ብርሃን በግድግዳው ውስጥ አልፎ ይታያል። ቀዶ ሐኪሙ በመሣሪያው ጫፍ ቀስ ብሎ ግድግዳውን ይጫን፤ የኢንዶስኮፒ ሐኪሙ ጉብታው ከዕጢው በየትኛው ወገን እንደታየ ይናገር። ሁለቱ በአራቱም ወገን እስኪስማሙ ድረስ ምንም ዓይነት የደም ሥር አይቆረጥ።

ደረጃ 3፦ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማላቀቅ

አሁን ዕጢው ያለበትን ግድግዳ ብቻ ነፃ አድርጉ። ለፈንደስ ከጣፊያ የሚመጡት አጫጭር የደም ሥሮች፣ ለኋላ ግድግዳ በትልቁ ጥምዝ በኩል ያለው ሞራ፣ ለትንሹ ጥምዝ ከግድግዳው ጋር የተጣበቁት ጥቃቅን ቅርንጫፎች ብቻ ይቆረጡ። በትንሹ ጥምዝ ላይ ቢላው የጨጓራውን ግድግዳ ተጠግቶ ይሂድ፤ ዋናው የግራ ጨጓራ ደም ሥርና የነርቭ ግንዶቹ ከጎን ሳይነኩ ይቅሩ። ከውጭ ብቻ የሚሠራ ሐኪም ስለማያይ ሰፊ ማላቀቅ ይገደዳል፤ የጥምረቱ አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ወዲያው ይገኛል።

ደረጃ 4፦ መስመሩን ከውስጥ ማስመር

የኢንዶስኮፒ ሐኪሙ ከዕጢው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ ዙሪያውን በኤሌክትሪክ ነጠብጣብ ምልክት ያድርግ። ከሽፋኑ ሥር ጨዋማ ውሃ ወይም ሃያሉሮኔት፣ በኢንዲጎ ካርሚን ሰማያዊ ተደርጎ ይወጋ። ሽፋኑ ሲነሳ ከምልክቱ ውጭ ይቆረጥ፤ ከዚያም ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋን ጡንቻው እስኪታይ ይከፈት። ደም ከፈሰሰ ደሙ እዚያው ይገታ፤ ጨጓራው ከተከፈተ በኋላ አየሩ ስለሚወጣ ከውስጥ ማየት እየከበደ ይሄዳል።

ይህ ቦይ ለቀዶ ሐኪሙ መንገድ ነው። በመገናኛው በኩል ሲደረስ ስስት ያስፈልጋል፦ በምግብ ቧንቧ በኩል ያለው መስመር ወደ ዕጢው የሚችለውን ያህል ይጠጋ፣ ዕጢውን ግን አይንካ። በሌላው በኩል፣ ሰፊው ጨጓራ ባለበት፣ ትንሽ ለቀቅ ማለት ምንም አያጎድልም።

ደረጃ 5፦ መብሳትና መቁረጥ

ከመበሳቱ በፊት የጨጓራው ፈሳሽ በኢንዶስኮፑ ሙሉ በሙሉ ይመጠጥ፤ ውስጡም በውሃ ይታጠብ። ቀዶ ሐኪሙ በመቁረጫው መስመር ዙሪያ ባለው ጤነኛ ግድግዳ ላይ ብዙ መጎተቻ ስፌቶች አስገብቶ ወደ ሆድ ግድግዳው ይጎትት። ግድግዳው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ተነስቶ ይቆማል፤ ፈሳሽ ቢቀር እንኳ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ሆድ ዕቃ አይፈስም። ይህ ማሻሻያ ኢንቨርትድ ሌክስ ይባላል፤ ሽፋኑ ደኅና ቢሆንም ባይዘለል እመርጣለሁ።

የኢንዶስኮፒ ሐኪሙ በቦይው ውስጥ፣ ለቀዶ ሐኪሙ በሚመች ወገን፣ ሆን ብሎ ይብሳ። ቀዶ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ኃይል የሚሠራውን መቁረጫ በዚያ ቀዳዳ አስገብቶ የተቆረጠውን የውስጥ ሽፋን መስመር እየተከተለ ጡንቻውንና ሴሮሳውን ይቁረጥ። ዓይኑ ከቦይው አይነሳ፤ ከመስመሩ ወደ ዕጢው ከሾለከ ሽፋኑን ይቀድዳል፣ ወደ ውጭ ከሸሸ የተቆጠበውን ግድግዳ ያባክናል። በጥልቅ ወይም በኋላ በኩል ቀዶ ሐኪሙ በማይደርስበት ቦታ የኢንዶስኮፒ ሐኪሙ ራሱ ሙሉ ውፍረቱን ይቁረጥ። ማን እንደሚቆርጥ አንግል ይወስን፣ ማዕረግ አይወስን።

ዙሪያው ሦስት አራተኛ ያህል ሲቆረጥ ዕጢው ይገለበጣል። ቀሪው ከመዝጊያው ጋር አብሮ በስቴፕለር ሊቆረጥ ይችላል፤ በመገናኛው አጠገብ ግን እስከ መጨረሻው በመቁረጫው ይጠናቀቅ። ዕጢው ወዲያው ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ እየተንከባለለ አይጠብቅ።

ደረጃ 6፦ መዝጋት

የሥራው ውበት የሚታየው በመቁረጡ ይመስላል፤ የታካሚው የወደፊት ኑሮ የሚወሰነው ግን በመዝጋቱ ነው። የተቀመጠው ሕግ አንድ ነው፦ መዝጊያው መስመር ከጨጓራው ርዝመት ጋር ተሻጋሪ ይሁን። በርዝመቱ የተሰፋ ቁስል ቱቦውን ያጠብባል፣ ተሻግሮ የተሰፋ ግን ስፋቱን ይጠብቃል።

በጨጓራው ሰፊ ክፍል ላይ ጠርዞቹ በሁለቱ ጫፎችና በመካከል በስፌት ተይዘው ይነሱና በስቴፕለር ይዘጉ። የውስጥና የውጭ ሽፋኖች በሙሉ መያዛቸው ከስቴፕለሩ መተኮስ በፊት ይታይ፤ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ወደ ውስጥ የሸሸው የውስጥ ሽፋን ነው። በመገናኛውና በመውጫው አጠገብ ስቴፕለርን እርሱት። በእጅ፣ በሚሟሟ ክር፣ መጀመሪያ ሙሉ ውፍረቱን፣ ከዚያም ሴሮሳና ጡንቻውን በሁለተኛ ረድፍ ስፉ። ኢንዶስኮፑ በመገናኛው ውስጥ አልፎ ይቀመጥ፤ ስፌቱ በሱ ላይ ከተሠራ ቀለበቱ ከኢንዶስኮፑ በታች ሊጠብብ አይችልም። የምግብ ቧንቧና የፈንደስ ማዕዘን በመቁረጡ ከጠፋ፣ ፈንደሱን በከፊል ወደ ምግብ ቧንቧው ማልበስ የአሲድ መመለስን ይቀንሳል።

ደረጃ 7፦ መፈተሽ

ስፌቱ በጨዋማ ውሃ ይሸፈን፣ ኢንዶስኮፑ ጨጓራውን ይንፋ። አረፋ ከታየ እዚያው ተጨማሪ ስፌት ይደረግ። ከውስጥ ደግሞ ደም መኖር አለመኖሩ፣ ኢንዶስኮፑ ያለ ግፊት ማለፉ ይታይ። መጥበብ ካለ አሁኑኑ ፈትቶ መስፋት ይሻላል፤ ነገ በራሱ ሰፊ ይሆናል የሚል ተስፋ አይሠራም። የአንጀቱ መቆንጠጫ ይፈታ፤ ዕጢው በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ በእምብርት ቁስል ይውጣ። ቁስሉ ከጠበበ ሰፋ ተደርጎ ይከፈት እንጂ ከረጢቱ በኃይል አይጎተት።

መንገድ መቀየር ሲያስፈልግ

ዕጢው ከተገመተው በላይ ቀለበቱን ከያዘ፣ ሽፋኑ ሊቀደድ ከተቃረበ፣ ወይም ሁለቱ ሐኪሞች በመስመሩ ካልተስማሙ ሆዱን መክፈት ወይም የጨጓራውን ክፍል ማውጣት ትክክለኛ ሕክምና ነው። ለዚህ የታካሚው ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ፤ መሣሪያዎቹም ክፍሉ ውስጥ ይኑሩ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

በማግሥቱ ታካሚው ተነስቶ ይራመድ። በሽታው ካልከለከለ ውሃ በጥቂቱ ይጀምር፣ ከዚያ ፈሳሽ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወሰድ፤ የውስጡ ቁስል እንደማንኛውም የጨጓራ ቁስል ጊዜ ይፈልጋልና። የልብ ምት ያለ ምክንያት መፍጠን፣ ትኩሳት፣ የግራ ትከሻ ሕመም ከታዩ ፍሳሽ ጠርጥሩ፤ በውሃ የሚሟሟ ቀለም አጠጥቶ ሲቲ ስካን ማንሳት ይቀድማል። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ያለው ትውከት ካለ ኢንዶስኮፒ ይደረግ። ምግብ ሆዱ ውስጥ እየቆየ የሚያስመልሰው ታካሚ ደግሞ ነርቩ ተነክቶ ወይም መውጫው ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች በጊዜ ይሻላቸዋል፤ ምግቡ አነስ ብሎ ደጋግሞ ይቅረብ።

የወጣው ዕጢ በቀዶ ክፍል ውስጥ ሳይቆራረጥ በሰሌዳ ላይ ይወጠር፤ የምግብ ቧንቧ ወገኑ በክር ምልክት ይደረግበት፤ ከዚያ ወደ ፓቶሎጂ ይላክ። ውጤቱ መጠኑን፣ ጠርዙን፣ ሴሎቹ የሚከፋፈሉበትን ፍጥነትና የዘረመል ለውጡን መያዝ አለበት። ፍጥነቱ ነገሩን ይለውጠዋል፦ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጨጓራ ጂስት በማይክሮስኮፕ 50 መስኮች ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በታች የሚከፋፈሉ ሴሎች ካሉት የመዛመት ዕድሉ 2 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከ5 በላይ ካሉት ግን ወደ 16 በመቶ ይወጣል። ከፍተኛ አደጋ ላለበትና ለመድኃኒቱ ለሚመልስ ጂስት ኢማቲኒብ ለ3 ዓመት ይሰጣል። ዕጢው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከተቀደደ ሌላው ውጤት ጥሩ ቢሆንም በከፍተኛ አደጋ ይቆጠራል፤ በመዝገቡ ላይ ሳይደበቅ ይጻፍ።

ክትትሉ በሲቲ ስካን ነው፤ ከፍተኛ አደጋ ላለባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ዝቅተኛ ለሆኑት ደግሞ እየሰፋ ይሄዳል። በመገናኛው ላይ ለተሰፋላቸው አንድ ጥያቄ በየቀጠሮው ይጨመር፦ ዳቦና ሥጋ ይወርድላችኋል? ማጣበቅ ከጀመረ በኢንዶስኮፒ ታይቶ በፊኛ ተለጥጦ ሊከፈት ይችላል፤ ታካሚው ራሱን በፈሳሽ ላይ አስማምቶ ኪሎ ከመጣሉ በፊት ቢደረስበት ደግሞ የተሻለ ይሠራል።